ጎፈሬ የሚደውልላት ሴት

«ማናት እሷ?» አለች ልብስ ሰፊዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

በሩ አጠገብ አንዲት ሴት ተቀምጣ ታለቅሳለች። ወግ ለማድረስ አይደለም፤ አፏን በመዳፏ አፍና ከአንጀቷ ነው።

«እኔ ምን አውቄ» አሉ የሟቹ ባሏ ታላቅ እህት። «የሱቁ ደንበኛ ትሆናለች።»

«የወንድ ፀጉር ቤት ነው እኮ፣ እትዬ።»



ሟቹ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ራሱ ከወጣትነቱ ጀምሮ መላጣ ስለነበር ሰፈሩ ሁሉ «ጎፈሬ» ይለዋል፤ እሱም «እኔ ለሰው ሰጥቼ ጨረስኩት» እያለ ያስቃል። ደንበኛ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ መቀሱን እንደያዘ ወደቀ። ልቡ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ለቅሶ የመጣው ሁሉ ጨዋታውን እያነሳ ያዝናል። ሚስቱን ግን ከሐዘኑ ጋር ሌላ ነገርም ያንገበግባታል።

ስልኩ ከእጁ የማይለይ ሆኖ ነበር። ማዕድ ላይ እንኳ ብርሃኑ ፊቱ ላይ ቦግ ሲል ፈገግ ይላል፤ ወዲያው ይጠቁራል። ለቤት የሚሰጠው ሲያንስ «ሥራ ቀዝቅዟል» ይላታል። ኋላ ደግሞ መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሹክሹክታ መደወል አመጣ። አንድ ቀን በሩ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ሰማችው፦

«ዛሬም ብሶብኛል። እባክሽ አትዝጊው፣ ትንሽ አውሪኝ።»

እባክሽ! ለእሷ «እባክሽ» ካላት ስንት ጊዜው? ያን ቀን የምትሰፋውን ሱሪ አንዱን እግር ከሌላው አስረዘመችው። ግን አልጠየቀችውም። «አዎ» እንዳይላት ፈራች።

አሁን ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች።

«ነይ» አለቻት፤ ወደ ጓዳ ይዛት ገባች።

ሴትዮዋ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ናት፤ ነጭ ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ ነው የመጣችው። ቆንጆ ናት። ይህም ሌላ እሳት ሆነባት።

«ከባሌ ጋር ምን ነበራችሁ?»

«ምንም አልነገረሽም?»

«የምጠይቀው እኔ ነኝ!»

«ስልክ ላይ በሚጫወቱት የጦርነት ጨዋታ ነው የተዋወቅነው፤ አንድ ቡድን ውስጥ ነበርን። በአካል አይቼው አላውቅም። መልኩን ያየሁት አሁን፣ ሳሎን ካለው ፎቶ ላይ ነው።»

«ለጨዋታ ነው እንዲህ የምትነፈርቂው?»

«ጨዋታው አይደለም የጎዳን፤ ውስጡ የሚሸጡት ሣጥን ነው።» እንባዋን ጠረገች። «ምን እንደያዘ ሳታውቂ በብርሽ ገዝተሽ ትከፍቺዋለሽ። ብዙ ጊዜ የማይረባ ነገር ነው። አንዳንዴ ግን ሁሉም የሚመኘው ሰይፍ ይወጣል፤ ስልኩ መብራት በመብራት ይሆናል። ከዚያ ወዲያ በቃኝ የለም። የልጅ መጫወቻ ያስመሰሉት ቁማር ነው። እኔ ትዳሬን በልቶብኛል። ጎፈሬ የሱን ምስጢር ሲያወጣልኝ እኔም የኔን አወጣሁለት። መክፈት ሲያምረው ይደውልልኛል፤ ሲያምረኝ እደውልለታለሁ። አምሮቱ እስኪያልፍልን እናወራለን። ከተውነው ቆየን።»

ልብስ ሰፊዋ እፎይ ማለት ነበረባት። ቅናቱ ግን ባሰባት። ገላውን ሰጥቷት ቢሆን ተራግማው ይወጣላት ነበር። የሰጣት ግን ከሚስቱ የደበቀውን ውርደቱን ነው።

«ለምን ለእኔ አልነገረኝም?»

«ይፈራሽ ነበር።»

«ምን እንዳላደርገው?»

«ቁጣሽን አይደለም። ‹እሷ ዘንድ እንኳ ሰው ልሁን› ይል ነበር።»

«ሞኝ!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «መቼ ነው ሰው ያልነበረው? ሞኝ!» ከሞተ ጀምሮ እንዲህ ጮክ ብላ አላለቀሰችም።

ሴትዮዋ እስክትረጋጋ ጠብቃ ወደ በሩ ዞረች። «ልሂድ፤ አስቸገርኩሽ።» ግን አልወጣችም። «ዛሬ ጠዋት ክፉኛ አምሮኝ ደወልኩለት። አንድ ሰውዬ አንስቶ መርዶውን ነገረኝ፤ ቤቱንም አመላከተኝ። አሁን ማን ጋ እንደምደውል እንጃ።»

ጣውንት የመጣባት ያህል የልብስ ሰፊዋ ውስጥ አሁንም ይነድዳል። ቢሆንም ክንዷን ይዛ ወደ ሳሎን መለሰቻት።

«እትዬ፣ እስቲ ትንሽ ጠጋ ይበሉላት።»

ጎን ለጎን ተቀመጡ። የሴትዮዋ አውራ ጣት ጉልበቷ ላይ፣ ስልክ እንደሚነካካ ሁሉ፣ አልረጋ አለ። ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ሳታዞር መዳፏን ጫነችበት። ጸጥ እስኪል ድረስ አላነሳችም።