የቀሚሱ ወገብ

የቀሚሱ ቁልፍ አልደርስ አለ። እማማ ስጋት የልጅቷን ሆድ በመዳፋቸው ደገፍ አድርገው ጨርቁን እንደገና ሳቡት፤ አሁንም አልደረሰም። ትኩሳቱ ያከሳት የልጅ ልጃቸው ከሆስፒታል ስትወጣ እንዳይሰፋባት ብለው፣ ትናንት እዚሁ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ወገቡን ያጠበቡት ቀሚስ ነው። ሲለኳት ልክክ ብሎላት ነበር።

እማማ ስጋት የሚለውን ስም ያወጣላቸው ቀልደኛው አማቻቸው ነው። ደመና ሲያዩ ጎርፍ የሚታያቸው ሴት ናቸውና ስሙ ጸደቀ። ቤት ውስጥ ደንብም ወጥቶላቸዋል፦ በቀን አንድ ስጋት ብቻ። ትናንት ለስቅታ ነርስ አስጠርተው ክፍሉን ሁሉ አስቀውባቸዋል።

«ተያት፣ ሳይቆለፍ ትሂድ» አለች ልጃቸው የሻንጣውን ዚፕ እየዘጋች። ትኩሳቱ ጠፍቷል፣ አባትየው የኪራይ መኪና ይዞ በር ላይ ቆሟል፣ የምትሠራበት ሱቅ አለቃ ደጋግሞ ደውሏል። ሐኪሟ የዛሬውን የደም ውጤት ሳላይ እንዳትወጡ ብላ ነበር፤ ልጃቸው ግን ውጤቱን በኋላ ተመልሼ እወስዳለሁ ብላ ቆርጣለች።

«ትናንት ልኳ ነበር እኮ።»

«እንግዲህ ወፈረች፤ ደስ አይልሽም?»

«ምን በልታ? የቀመሰችው ሁለት ማንኪያ ሾርባ ነው።»

«እማዬ፣ የዛሬውን ስጋት ጠዋት በመስኮቱ ንፋስ ጨርሰሽዋል።»

እማማ ስጋት ቁልፉን ለቀቁት። ልጅቷ በገባች ዕለት ሐኪሟ የነገረቻቸው ግን ከጆሯቸው አልወጣም። ትንኝ የሚያመጣው ይህ በሽታ የደም ሥሮችን የውስጥ ገበር ይጎዳል፤ ገበሩ ሲጎዳ የደሙ ውሃ እየሾለከ ሆድና ደረት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ክፉው ጊዜም ትኩሳቱ በረደ ሲባል ነው ብላ ነበር። ልጃቸው ያን ጊዜ እያለቀሰች ስለነበር የሰማችው «ትድናለች» የሚለውን ብቻ ነው። እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ኮት ሲሰፉ ኖረዋልና ገበር ሲባል ልባቸው ደንግጦ ቀረ። ገበሩ የተበላ ኮት ከላይ ሲያዩት አዲስ ነው።

የልጅቷን እግር ዳበሱ። ቀዝቃዛ ነው። ጠዋት ቤት እንሂድ ስትል የነበረች ልጅ፣ አሁን «አያቴ፣ ልተኛ» አለቻቸው።

ነርሷን ልጥራ? ደግሞ ይስቃሉ። ይሳቁ። ጎንበስ ብለው የልጅቷን ጫማ ከወለሉ አነሱና ጉያቸው ውስጥ ከተቱት።

«እማዬ፣ ሰው እያየን ነው። አታሳፍሪኝ።»

«ላሳፍርሽ። ሐኪሟ መጥታ ሆዷን በእጇ ነክታ ምንም የለም ትበለኝ፤ ከዚያ እስክሞት ሳቁብኝ።»

ጭቅጭቁን ሰምታ የመጣችው የትናንትናዋ ነርስ ናት። ፈገግ እንዳለች ገብታ የልጅቷን እጅ ያዘች፤ የደም ግፊቷን ለካች፤ እንደገና ለካች። ፈገግታዋ ጠፋ። ወጥታ ከሐኪሟ ጋር ተመለሰች። ሐኪሟ ቀሚሱን አስወልቃ የልጅቷን ሆድ በጣቶቿ መታ መታ አድርጋ አዳመጠች፤ ወዲያው የግሉኮሱ መስቀያ ተጎትቶ መጣ። ልጅቷ መኪና ውስጥ ሆና ቢሆን ኖሮ ምን ሊፈጠር ይችል እንደነበር ሐኪሟ ስትናገር ልጃቸው ሻንጣውን መልሳ አልጋው ሥር ከተተችው።

«አሁንስ ትተርፋለች?» አለች።

«ገና ነው። ገበሩ ራሱን እስኪጠግን በፈሳሽ ደግፈን እንጠብቃለን። ከዳነ የሾለከው ውሃ ተመልሶ ይገባል፤ ሆዷም ይጎድላል።»

አባትየው መኪናውን ሰድዶ ገባ፤ ቀልድ አላመጣም። ልጃቸው ከእናቷ አጠገብ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የሚሠራ ነገር የፈለገች ትመስል ቀሚሱን አነሳችው።

«እማዬ፣ ወገቡን ፍቺላት። አሁን ይጠባታል።»

እማማ ስጋት ከቦርሳቸው መቀስ አወጡ። ስፌቱን በጥፍራቸው ፈልገው አገኙት። የመጀመሪያዋን ክር ሊበጥሱ ሲሉ ቀና ብለው ልጅቷን አዩ፤ በቱቦው የሚወርደውን ጠብታ አዩ።

መቀሱን መልሰው ከተቱ። ቀሚሱን አጣጥፈው በትራሷ ሥር አስቀመጡት።

«አልፈታውም» አሉ። «ልኳ ይሄ ነው።»