ክፈተው ስብሰባ ፍለጋ የወጣ ዕለት

ወዲህ ጠጋ በሉማ፤ ወንበር ያጣም ከእኔ ጎን ይቀመጥ። የማወራችሁ ስለ አንድ ቁልፍ ሠሪ ነው። ሰፈሩ በሙሉ «ክፈተው» ይለዋል። በር ሲቆለፍባቸው የሚጠሩትም፣ ጠርሙስ ሲቀርብ የሚጠሩትም በዚሁ ስም ነበር፤ እሱም ለሁለቱም ጥሪ አቤት ባይ ነው።

መጠጡ ግን እያደር እጁን ወሰደበት። ጠዋት ካልቀመሰ ጣቶቹ አልታዘዝ ይሉታል። የመጀመሪያ የልጅ ልጁን ሊያይ ሄዶ ክንዱን ሲዘረጋ፣ ሴት ልጁ ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

«አባዬ፣ ቅር አይበልህ» አለችው። «ትጥልብኛለህ ብዬ እፈራለሁ። እጅህ ሲረጋ ታቅፈዋለህ።»

እውነቷን ነው። ሹልክ ብሎ ወጣ፤ በማግስቱም፣ ሰኞ፣ ጠርሙሱን ትቶ ጤና ጣቢያ ሄደ። ነርሷ መድኃኒት ሰጥታ፣ «ብቻህን አትታገለው» አለችው። «መጠጥ ያቆሙ ሰዎች ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ መልስ ይሰበሰባሉ፤ ከቤተ መጻሕፍቱ በላይ ያለው ፎቅ ላይ።»

ሐሙስ ደረሰ። ክፈተው ቁልፍ የተንጠለጠለበትን የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቶ ሄደ፤ የሚያውቀው ሰው ቢያገኘው «ሥራ ተጠርቼ ነው» ሊል። የሕንጻው በር ላይ አንድ ሽማግሌ ጥበቃ ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ እዚህ ስብሰባ አለ ይባላል።»

«የምን ስብሰባ?»

«የ... የሰዎች።»

«የሰው ያልሆነ ስብሰባ አይቼ አላውቅም። የቼዙ ነው? የልብስ ስፌቱ?»

«ከእነሱ ሌላ።»

«ከእነሱ ሌላማ እነዚያ የሚስቁት ናቸው ያሉት። ሳቃቸው እዚህ ድረስ ይሰማል። ሰክረዋል እንዳልል፣ ከውሃ ሌላ ሲያስገቡ አላይም።»

ክፈተው ልቡ ቀዘቀዘ። እሱ የሚፈልገው ጸጸት የበላቸው፣ አንገታቸውን ደፍተው የሚያለቅሱ ሰዎችን ነው። የሚስቅ ሰውማ ምን ስብሰባ ያስፈልገዋል? ተሳስቻለሁ ብሎ ሊመለስ ሲል፣ አንዲት ሴትዮ ከላይ ከደረጃው መደገፊያ ላይ ዘንበል አሉ።

«አንተ ቁልፍ ያንጠለጠልከው፣ እግዜር ነው የላከህ። እስቲ ውጣልን።»

መሸሻ የለም፤ ወጣ። ጥቂት ሰዎች አንድ የተዘጋ በር ፊት ቆመዋል። ቁልፉ ቀዳዳው ውስጥ ተሰብሮ ግማሹ ቀርቷል፤ ግማሹ አንድ ግዙፍ የጭነት መኪና ሹፌር እጅ ላይ ነው።

«ቀስ ብለህ አዙረው ብዬው ነበር» አሉ ሴትዮዋ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ መርፌ ከነክሩ ቀሚሳቸው ላይ እንደሰኩ ነው የመጡት። «እሱ የመኪና መሪ መሰለው። ትርፍ ቁልፍ አለን፤ ስባሪው ነው አላስገባ ያለን።»

«እትዬ፣ ቁልፉ አርጅቶ ነው እኮ» አለ ሹፌሩ።

«አዎ፣ አንተ ጋ ሁሌ የሚያረጀው ሌላው ነው።»

ክፈተው ተንበርክኮ ቀጭኗን ወረንጦ አወጣ። ድሮ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሠራው ሥራ ነበር። ዛሬ ግን ወረንጦዋ ቀዳዳውን ትታ ብረቱን ትቆረቁር ጀመር። ወደቀችበት፤ አነሳት፤ ደግማ ወደቀች። ጀርባውን ላብ አጠመቀው። ከኋላው ያሉት አንገታቸውን አስግገው ያዩታል።

«ብርድ ነው» አለ ሳይዞር።

ልብስ ሰፊዋ አጠገቡ ቁጢጥ አሉ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የበረደህ፣ ወንድሜ?»

«ከሰኞ» አለ።

«ከሰኞ ከሆነማ ጎብዘሃል» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔን ያ ብርድ የያዘኝ ጊዜ የሻዬን ግማሽ የሚጠጣው ቀሚሴ ነበር።»

«እኔማ» አለ ሹፌሩ፣ «አፍንጫዬን ልጠርግ ብዬ ዓይኔን እወጋ ነበር።»

ይህን ብሎ ራሱ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ያኔ ለክፈተው ገባው። የሚፈልጋቸው ሰዎች እነዚሁ ናቸው።

ወረንጦዋን ለልብስ ሰፊዋ ሰጣቸው። «እርስዎ ይያዙልኝ፤ እኔ ልንገርዎ። ትንሽ ወደ ግራ... አሁን ቆንጠጥ ያድርጉትና ወደ ራስዎ። ቀስ።»

ክር እንደሚያስገቡ ሁሉ ትንፋሻቸውን ይዘው ሳቡት፤ ስባሪው ወጣ። ትርፉ ቁልፍ ገባ፤ በሩም ተከፈተ።

«ሂሳብህ ስንት ነው?» አለ ሹፌሩ ኪሱን እየዳበሰ። እትዬ በክርናቸው ጎሸሙት።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው፣ ልጆቼ። ተቀብሎ «ደህና ሁኑ» ቢል ማንም እጁን አይዘውም። ቃሉ አፉ ላይ ደርሶም ነበር። ግን ያ ከእናቱ ደረት የተሸጎጠ ሕፃን ውልብ አለበት።

«ሂሳቡ ይቅር» አለ። «ወንበር ካላችሁ ግን... እኔም የመጣሁት ለስብሰባው ነው።»

«ወንበርማ ሞልቷል» አሉ እትዬ። «ግባ። ብቻ ለዚህ ሰውዬ ቁልፍ እንዳታቀብለው።»

ስብሰባው አልቆ ደረጃውን ሲወርድ ለልጁ ደወለላት።

«አባዬ፣ የት ነህ? ጫጫታ ይሰማኛል።»

ሥራ ላይ ነኝ ሊል ነበር፤ ተወው። «መጠጥ ካቆሙ ሰዎች ጋር ስብሰባ ነበርኩ። እጄ ገና አልረጋም፣ ልጄ። ግን ሐሙስ ሐሙስ እዚህ ነኝ።»

አፍንጫዋን ሳብ ስታደርግ ሰማት።

«እሁድ ና» አለችው። «ሶፋው ላይ ተቀምጠህ ታቅፈዋለህ፤ እኔ ከሥር እጄን እደግፋለሁ።»

«ክብደቱ ጨመረ እንዴ?»

«አያቱን አይደል የመሰለው? ሲጠባማ አትጠይቀኝ።»

እሁድ አያትና የልጅ ልጅ ተቃቀፉ። ሕፃኑ አያቱን አሳምሮ አራሰው፤ ክፈተው ግን ተነስ ቢሉት እንቢ አለ።

እንግዲህ የእኔ ልጆች፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው «በረደኝ» ቢላችሁ አትከራከሩት። ጠጋ ብላችሁ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠይቁት። ይቺን ብቻ አስታውሱልኝ፣ አደራ።