የይሉኝታ ምዝገባ

ወተት ተቀባይዋ ቀጭኗን መለኪያ ጣሳው ውስጥ ለቀቀችና ጎንበስ ብላ ዓይኗን ከወተቱ ትክክል አደረገች። መለኪያዋ ላይ ታች ስትል ቆይታ ረጋች። ውሃ አልገባበትም።

"ንጹህ ነው።"

"ምነው፣ ጠርጥረሽኝ ነበር እንዴ?" አለች ወተቱን ያመጣችው ጎረቤቷ እየሳቀች።

የወተት ተቀባይዋ ልጅ ሚጣ ከሚዛኑ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ የጣሳ ክዳን ታሽከረክራለች። አምስት ዓመት ሊሞላት ሦስት ወር ቀርቷታል፤ የምታውቃቸው ቃላት ግን በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ። ጆሮዋ ደህና ነው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ አገላብጣ ካየቻት በኋላ እናትየውን፣ "መድኃኒቷ ልጆች ናቸው። ከልጆች መሃል ጣያት። ዛሬ ነገ አትበይ፤ ይሄ ዕድሜ ካመለጠ ይከብዳል" ብላታለች።

ያሉት የሕፃናት መዋያዎች ሁለት ናቸው። አንዱ ከተማ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ድልድዩ ጋ መኪና እየመጣ ልጆቹን ይወስዳል። ሌላው ከወተት ጣቢያው ጀርባ ያለው አንድ ክፍል ነው። እዚያ የምታስተምረው፣ ሁሉም እትዬ የሚላት መምህርት የመንደሩን ግማሽ እርሳስ ያስያዘች ናት፤ ወተት ተቀባይዋንም ጭምር። ዘንድሮ ግን የትምህርት ቢሮው ቁርጡን ነግሯታል፤ አሥራ አምስት ልጅ ካልሞላ ክፍሉ ይዘጋል። መምህርቷም ደብተሯን ይዛ ቤት ለቤት ዞረች። ማን አፍ አውጥቶ እምቢ ይበላት? አሥራ ዘጠኝ ስም ጻፈች።

በዚያው ሳምንት የወተት መኪናው ሾፌር ከከተማው መዋያ የምዝገባ ቅጽ ይዞ መጣ።

"እህት ዓለም፣ ሙዪው። ምዝገባው ነገ ያበቃል።"

"ለእትዬ ቃል ሰጥቻለሁ እኮ።"

"ያልሰጠ ማን አለ?" ብሎ ሳቀ። ሚጣንም አየት አድርጎ፣ "ዝምታ ወርቅ ነው ካሉ፣ ይቺስ ባለጸጋ ናት" አለ።

በቀልዱ ተናዳ ስለ ቃሉ ቀድሞ ያለውን ልብ ሳትለው ቀረች። ቅጹን አልሞላችም። ከተማ ብትገባ አርባ ልጅ መሃል አፏን የማትፈታ ልጅ ማን ዞር ብሎ ያያታል? እዚህ እትዬ እጇን ትይዝላታለች። እንዲህ ብላ አሰበች። እውነቱን ለመናገር ግን ግማሹ ሐሳብ ቢሆን ግማሹ ይሉኝታ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሚጣን አጥባ፣ አበጥራ ወጣች። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ የመንደሩ ልጆች በሙሉ በአንድ ዓይነት ሰማያዊ ሸሚዝ ተሰልፈው የከተማውን መኪና ይጠብቃሉ። ጎረቤቷ የልጇን እጅ እንደያዘች ፊቷን አዞረች።

"አንቺም?" አለቻት ወተት ተቀባይዋ።

"ታዲያ እትዬን ፊት ለፊት እንዴት እምቢ ልበላት? የኔ አንድ ልጅ ቢጎድል አሥራ ስምንት ይቀራል ብዬ ነው እኮ!"

አሥራ ስምንቱም ቤት ያሰበው ይህንኑ ነበር።

መምህርቷ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። "ሌሎቹ ከኋላ ናቸው?" ስትል ጠየቀች። ወተት ተቀባይዋ የሚጣን አንገትጌ አስተካከለች።

ያን ሳምንት መምህርቷ ለአንዲት ልጅ አስተማረች፤ ዘፈነች፣ አጨበጨበች፣ ተረት አወራች። ሐሙስ ዕለት ሚጣ ከባዶ ወንበሮቹ አንዱን ወደ ራሷ ጎተተችና "ነይ" አለችው። አዲስ ቃል ነበር። እናትየው በመስኮት ሰምታ ከተማ ልታስመዘግባት ወደ ሾፌሩ ሮጠች።

"ሞልቷል" አላት፤ አሁን አልቀለደም። "ጠይቄልሻለሁ። ሃምሳ አስገብተው በር ዘጉ። ለከርሞ ነው የሚሉት።"

"ለከርሞ ዕድሜዋ አልፏል ብለው አይቀበሏትማ።"

ሾፌሩ የመኪናውን ጎማ በእግሩ መታ መታ አደረገ።

ዓርብ ክፍሉ ተዘግቷል የሚል ደብዳቤ ከቢሮው መጣ። መምህርቷ አንብባ አጣጠፈችው። "ሰው ላይ አልፈርድም" አለች። "ያፈሩኝ አክብረውኝ ነው። አንቺን ግን ልጄ፣ እኔ ነኝ ያስቀረሁሽ።"

"ኧረ እትዬ፣ ተይ እንጂ!"

ያለችው ይህንኑ ብቻ ነው። ይህም ይሉኝታ ነበር።

ቢሮው ዕቃውን ከሰዓት በኋላ ይወስዳል ስለተባለ ሁለቱ ለማሰናዳት ተነሡ። በየወንበሩ ጀርባ የልጅ ስም የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል። ወተት ተቀባይዋ ጨርቅ በሞቀ ውሃ እየነከረች ወረቀቶቹን አራሰች፣ በጥፍሯ ላጠች፣ ወንበሮቹን አንዱን ባንዱ ላይ ደረደረች። በመጨረሻ ሚጣ የተቀመጠችበት ብቻ ቀረ።

"ተነሽ እናቴ።"

ሚጣ ተነሣች። እናትየው ወረቀቱን ላጠችው፤ የሙጫው ርዝራዥ እስኪለቅ ፈተገችው፤ ወንበሩን አደረቀችና ከሌሎቹ ላይ አስቀመጠችው።