የሃያ አራት ቀን ሽምግልና

ወልደአምላክ ቀን መቁጠር የሚያውቅ ሰው ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ ጾም መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ በስንት እንደሚውል ማወቅ የሚፈልጉ ሰዎች ስልካቸው ላይ ከመፈለግ ይልቅ ለእሱ መደወል ይቀናቸዋል፤ እሱም በልጅነቱ ከመሪጌታ የተማረውን ባሕረ ሐሳብ በጣቶቹ አንጓ እየቆጠረ አበቅቴውንና መጥቅዑን ያወጣና፣ ደዋዩ ጥያቄውን ጨርሶ ሳይተነፍስ መልሱን ይሰጠዋል። የገዛ ልጁን የሠርግ ቀን መቁረጥ ግን አቃተው።

ልጁ ሄኒና ሮሃን ዲክሺት የተዋወቁት ኮሌጅ ፓርክ ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ ነበር። ሮሃን የሂንዱ ልጅ ነውና ቤተ ክርስቲያን እንደማታጋባቸው ወልደአምላክ ያውቃል፤ ያንን ኀዘን ለብቻው ሲያብሰለስል ከርሞ ጨርሶታል። የቀረችው ምኞቱ አንዲት ብቻ ነበረች፤ የነቢያት ጾም ሳይፈታ እንዳይደገስ። ጾሙ የሚፈታው በገና፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 7 ነው። ሮሃን ደግሞ የባሕር ተመራማሪ በመሆኑ ጃንዋሪ 13 ወደ ደቡብ ዋልታ በምትጓዝ መርከብ ይሳፈርና ስድስት ወር አይመለስም። ሄኒ ሳይጋቡ እንዲሄድ እንደማትፈልግ ለክርክር በማይመች ድምፅ ተናግራለች። ከጾሙ በፊት ለድግስ የሚበቃ ጊዜ የለም፤ በገናና በመርከቧ መካከል የምትገኘው ቅዳሜም አንድ ናት፤ ጃንዋሪ 9፣ ማለትም ጥር 1 ቀን 2019 ዓ.ም.። የሠርግ ወር በገባበት በመጀመሪያው ቀን ቅዳሜ መዋሉን ባየ ጊዜ ወልደአምላክ ሰማይ ራሱ ያገዘው መሰለው።

በኦክቶበር አንድ እሑድ፣ ሚስቱን ውብነሽን ይዞ አሌክሳንድሪያ ወደሚገኘው የዲክሺቶች ቤት ሄደና ቀኑን እንደ ምሥራች ነገራቸው። የሮሃን እናት ሱኒታ የዋህ ፈገግታ ያላትና ከወሰነች የማትነቃነቅ ሴት ናት። ከግድግዳው ላይ የቤተ መቅደሳቸውን የቀን መቁጠሪያ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። በእነሱ ልማድ ከዲሴምበር አጋማሽ ጀምሮ ሠርግ አይሠረግም፤ ፀሐይ ወደ ሰሜን ፊቷን እስክትመልስ ይጠበቃል። የምትመለሰውም ጃንዋሪ 14 ነው። ከዚያ በፊት የተጋቡ ቢለያዩ፣ ቢታመሙ፣ ልጅ ቢያጡ፣ አገር ቤት፣ ፑኔ ከተማ ያሉት አራት እህቶቿ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለመናገር አያመነቱም። አምስት ቀን ጎደለ።

ያን ጊዜ በመስኮቱ አጠገብ ያንቀላፉ የመሰሉት የሰማንያ አራት ዓመቱ አማቷ፣ ዶክተር ዲክሺት፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣

«ፀሐይ የምትመለሰው ዲሴምበር 21 ነው» አሉ።

«ተጀመረ» አለች ሱኒታ።

የሮሃን አባት በአባቱና በሚስቱ መካከል ለመግባት ሞክሮ ከተሸነፈ ዘመን ስላለፈው፣ ቅጠል ሊጠርግ ብሎ ወደ ጓሮ ወጣ።

ዶክተር ዲክሺት ወልደአምላክን እጁን ይዘው ወደ ላይኛው ክፍላቸው አወጡት። ወደ ደቡብ በሚመለከተው መስኮት ላይ ካርቶን ተለጥፎ፣ በካርቶኑ መካከል የሽምብራ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ነበረች፤ በእሷ የሚገባው የቀትር ብርሃን ወለሉ ላይ ክብ ሆኖ ያርፋል። ወለሉ ከመስኮቱ ሥር እስከ አልጋው እግር ድረስ በትናንሽ ቁራጭ ወረቀቶች ተሸፍኗል፤ በየወረቀቱም ቀንና ዓመተ ምሕረት። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት የቀትር ብርሃን ነበር። ክቡ ከሙቀቱ ወራት ወደ ብርዱ ወራት ሲኬድ ከመስኮቱ እየራቀ ይሄድና ዲሴምበር 21 ላይ አልጋው እግር ደርሶ ይቆማል፤ በማግሥቱ ወደ ኋላ መመለስ ይጀምራል።

የጥንቶቹ ሊቃውንት፣ አሉ ሽማግሌው፣ ወሮቹን የሰየሙት በወቅቶቹ ጠባይ ነው፤ የማር ወር አለ፣ የጭጋግ ወር አለ፣ የብርድ ወር አለ። በዓሉ የወቅቱ ሎሌ ነበር። ኋላ ግን ቆጣሪዎቹ ዓይናቸውን ከወቅቱ አንሥተው ከዋክብት ላይ ተከሉ፤ የምድርም ዘንግ በዝግታ ስለሚዞር በየሰባ ሁለት ዓመቱ አንድ ቀን እየሾለከ፣ በአሥራ ሰባት መቶ ዓመት ሃያ አራት ቀን ጠፋ። ይህንን ለሦስት ቤተ መቅደሶች በደብዳቤ አስረድተዋል። አንደኛው በአክብሮት አመስግኗቸዋል፤ ሁለቱ አልመለሱም።

ወልደአምላክ ተንበርክኮ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነበበ። ለዓመታት ያላገኘው ደስታ ያዘው፤ ሰማይን እንደ ሥራ የሚመለከት ሌላ ሰው አገኘ። ከዚያ ቀን ወዲያ በየሳምንቱ ቤልትዌይ የተባለውን የቀለበት መንገድ አቋርጦ ይመጣ ጀመር። እሱ የባሕረ ሐሳብን አካሄድ ያሳያቸዋል፤ እሳቸው የፀሐይን መንገድ ይሥሉለታል፤ ሁለቱም እያንዳንዳቸው ያለ ማቋረጥ ይናገራሉ፣ ሁለቱም እንደተደመጡ ሆነው ይለያያሉ። በኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ጃንዋሪ 9 ፀሐይ ከተመለሰች በኋላ ነው የሚለውን ክርክራቸውን አዘጋጁና፣ ሥዕሎቻቸውን ታቅፈው፣ ሱኒታና በዚያ ቀን አብራው የመጣችው ውብነሽ ወዳሉበት ወጥ ቤት ወረዱ።

ሱኒታ ሽንኩርት መክተፏን ሳታቋርጥ ሁሉንም አደመጠች። ሲጨርሱ ቢላዋዋን አስቀመጠችና ወደ ወልደአምላክ ዞረች።

«የእርስዎ ገና ለምን ዲሴምበር 25 አይደለም?»

ወልደአምላክ የአሥራ ሦስቱን ቀን ልዩነት፣ የዓመቱን ርዝመትና የአራት ዓመቱን ጳጉሜን ለማብራራት ተነሣ። እየተናገረ ሳለ መንገዱ የት እንደሚያደርሰው ታየው፤ ግን ዘግይቷል።

«እንግዲያው የእርስዎም ቀን ከፀሐይዋ ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው» አለች። «ፀሐይ ከፈረደች በሁላችንም ላይ ትፍረድ። ጾምዎን በዲሴምበር 25 ይፍቱና በማግሥቱ ቅዳሜ እናጋባቸው። በአባባ አቆጣጠር ፀሐይ ከተመለሰች አምስት ቀን ይሆናታል።»

ዶክተር ዲክሺት የአጋራቸውን ጭንቀት ሳያስተውሉ በደስታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ትክክለኛ ስሌት ነው» አሉ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ውብነሽ መኪና ውስጥ እስከ ድልድዩ ድረስ ሳቋን ያዘች፤ ድልድዩ ላይ ግን አልቻለችም። ሠላሳ ዓመት ሰውን ሁሉ በቁጥር ዝም ሲያሰኝ የኖረውን ባሏን ሽንኩርት እየከተፈች ዝም ያሰኘችውን ሴት፣ ሄኒ አማት አድርጋ ስላገኘቻት ደስ እንዳላት ነገረችው። እሱ ያንን ሳምንት ሙሉ ሲያስብ ሰነበተ። ጾሙን አሥራ ሦስት ቀን አሳጥሮ ሊፈታው እንደማይችል ያውቃል፤ ለምን እንደማይችል ግን በስሌት ማስረዳት አልቻለም። ያቺን ቀን ከእሱ ጋር የሚጠብቁ ሰዎች ስላሉ ነው፤ በሕይወት ያሉትም፣ የሌሉትም። ሰማይ ምስክር ሊሆን ይችል ይሆናል፤ ቀኑን የሚያጸናው ግን አብሮ መጠበቁ ነው። ይህ እውነት ከሆነ ለሱኒታም እውነት ነው፤ እንግዲህ ተሸንፏል ማለት ነው፤ ሄኒም እጮኛዋን ሳታገባው ልትሸኘው ነው።

ይህንን የነገረው ለጎረቤቱ ለጀላልዲን ነው። ጀላልዲን የወሎ ሰው ነው፤ ክሪስታል ሲቲ አጠገብ ካለው ኤርፖርት ሃያ ዓመት ታክሲ የነዳ፣ የሰው ጠብ የሚሸተው ሰው። እስከ መጨረሻው ሰምቶት ሲያበቃ፣

«አንተ ወልዴ፣ ሴትየዋን ኢግዛም ነው እንዴ የምትፈትናት?» አለው። «እኛ ጨረቃ ታየች አልታየች እያልን በየዓመቱ ሁለት ቀን ዒድ እናደርጋለን። እኔ በሁለቱም ቀን እበላለሁ። ማንም በክርክር ቀኑን ሲለውጥ አላየሁም፤ በሽምግልና ግን አይቻለሁ።»

ሽማግሌ የሚልከው የወንዱ ወገን እንደሆነ ወልደአምላክ አስታወሰው። ጀላልዲን ልማዱ በአሜሪካ ቢገለበጥ ማን እንደሚከስ ጠየቀው። ሦስተኛ ሽማግሌ ግን ያስፈልግ ነበር፤ እሱንም ከዚያው ከተለማኟ ቤት አገኙት።

ስለዚህ ከጾሙ መግቢያ በፊት በነበረው እሑድ ከሰዓት፣ ሱኒታ ሲደወል በሯን ብትከፍት፣ ሦስት ሰዎች ኮትና ክራባት አድርገው ደጇ ላይ ቆመዋል። መካከለኛው አማቷ ነበሩ። በጓሮ በር ወጥተው፣ ቤቱን ዞረው፣ የገዛ ቤታቸውን ደወል ደውለዋል።

«አባባ፣ ምን ሆነዋል? ይግቡ እንጂ፤ ጉልበትዎን ያምዎታል።»

ገቡ። ሳሎኑ ውስጥ ግን ጎን ለጎን ተሰልፈው ቆሙ። ወንበር አሳየቻቸው፤ አልተቀመጡም። ሻይ አቀረበችላቸው፤ አልነኩም። ወልደአምላክ በአገሩ ሽማግሌ ለልመና ሲመጣ እሺ ካልተባለ እንደማይቀመጥ አስረዳት። ዶክተር ዲክሺት ይህንን ሥርዓት ከሰሙ ጀምሮ በደስታ እንቅልፍ አጥተው ነበር፤ ከዘራቸውን ተደግፈው እንደ ወታደር ቀጥ አሉ። ጀላልዲን እሱ ምንም ችግር እንደሌለበት፣ የመሐሉ ሽማግሌ ግን ሊወድቁ እንደሚችሉ በትሕትና ጠቆመ።

«ባለፈው የመጣሁት ላሸንፍዎት ነበር» አለ ወልደአምላክ። «የእኔ ገና ከፀሐይዋ ወደ ኋላ ቀርቶም በቦታው የሚጸና ከሆነ፣ የእርስዎም ቀን እንደዚያው ነው። ትክክል ነዎት። ትክክል ሆነው ሳለ እሺ እንዲሉን ልንለምንዎ ነው የመጣነው።»

ሱኒታ ስትናገር ግን ለእሱ አልነበረም።

«እኔ ፀሐይዋ መቼ እንደምትመለስ አጣሁት?» አለች አማቷን እያየች። «እዚህ ቤት ከገባሁ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። በየጃንዋሪው 14 የሰሊጥ ጣፋጭ እሠራለሁ። ሰው ለሰው ይሰጠዋል፤ ቂም ይተዋል። ለጎረቤት እሰጣለሁ፣ ለፖስተኛው እሰጣለሁ። እርስዎ አንድ ጊዜ እንኳ ቀምሰውልኝ አያውቁም። ‹ቀኑ አይደለም› ብለው ሳህኑን ይመልሱልኛል። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና እሠራለሁ።»

ዶክተር ዲክሺት ከዘራቸው ላይ አጎነበሱ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ቀትር የመዘገቡት ሽማግሌ ይህንን አንዱንም ጊዜ እንዳልመዘገቡት ፊታቸው ላይ ተነበበ።

«ስህተት ላይ እንዳልፈርም ብዬ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

«ጣፋጭ ነው፤ ሰነድ አይደለም። ማን ፈርሙ አለዎት?»

ጀላልዲን በሳል አስመስሎ ሳቁን ዋጠ። ሱኒታ ግን አልሳቀችም፤ ፊቷ ላይ የነበረው ነገር መላላት ብቻ ጀመረ። በቤታቸው ልማድ ቀን የሚቆርጠው የቤቱ ታላቅ እንደነበረ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው እንደኖረ፣ ፑኔ ያሉት እህቶቿም ‹ቀኑን አባባ ቆረጡት› ከተባሉ አፋቸውን ከመያዝ ሌላ ምርጫ እንደሌላቸው ነገረቻቸው። እሷም የሚያስፈራት ሰማዩ ሳይሆን የእህቶቿ ስልክ እንደነበር አልደበቀችም።

«ጃንዋሪ 9 ይሁን» አለች። «ጃንዋሪ 14 ግን ከእኔ ጋር ተቀምጠው ይበላሉ።»

ዶክተር ዲክሺት አሰቡ። በዕድሜያቸው ሙሉ እንዲህ ያለ ከባድ ውል ቀርቦላቸው አያውቅም።

«ስበላ ስለ ሃያ አራቱ ቀን አልናገርም ማለት ነው?»

«ምንም።»

«ለስንት ደቂቃ?»

«ጣፋጩ አልቆ ሳህኑ እስኪነሣ።»

«ትንሽ ሳህን ብታደርጊው» አሉ።

«ትልቁን ነው የማደርገው፣ አባባ። አሁን ይቀመጡ።»

ሦስቱም በአንድ ጊዜ ተቀመጡ። የጀላልዲን ጉልበት ጮኸ። ሱኒታ የቀዘቀዘውን ሻይ ልትለውጥ ስትነሣ ጀላልዲን እንደዚያው እንደሚጠጣው ነገራትና ብርጭቆውን ባንድ ትንፋሽ ጨረሰ። ዶክተር ዲክሺት ወደ ወልደአምላክ ጎንበስ ብለው፣ በዚያ ዓመት አዲሷ ጨረቃ የምትወለደው ልክ በገናው ቀን እንደሆነ፣ ቅዳሜዋም በማደግ ላይ ባለች ጨረቃ እንደምትውል ሹክ አሉት። ይህ በማንኛውም አቆጣጠር መልካም ነበር፤ ከሁለቱ ግን ማናቸውም ጮክ ብለው ሊናገሩት አልደፈሩም።

ወልደአምላክ ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ ለሄኒ ደወለላት።

«ጥር አንድ» አላት።

«አባ፣ ኢን ኢንግሊሽ ፕሊዝ።»

«ጃንዋሪ ናይን።»

ከወዲያኛው ጫፍ ልጁ ረጅም ትንፋሽ ስትተነፍስ ተሰማው።

«ሪሊ? ታዲያ ማን ነው ዊን ያደረገው? አንተ ነህ ወይስ እሷ?»

ወልደአምላክ በበሩ በኩል ወደ ሳሎኑ ተመለከተ። ሱኒታ የግድግዳውን የቀን መቁጠሪያ አውርዳ ጃንዋሪ 9 ላይ በቀይ እስክሪብቶ ክብ እያደረገች ነበር፤ አማቷ ክቡ በትክክል መከበቡን ለማየት አንገታቸውን አስግገዋል፤ ጀላልዲን የወልደአምላክን ሻይ ወደ ራሱ አስጠግቷል።

«እኔ እንጃ» አላት፤ «ተቀምጠናል።»