ለሥራ አስኪያጁ የተሰፋ አረንጓዴ

ሥራ አስኪያጃችን ስለ መብራት ቁጠባ በሚያወራበት ቢሮ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መጋረጃው ተዘግቶ ስድስት አምፖል ይበራል። የራሷ ሲያርባት የሰው ታማስላለች ማለት እሱ ነው። እንግዲህ ሕዝቡ በየቤቱ ኃይል እንዲቆጥብ የሚያስተምር ድረ ገጽ እንድሠራ ያዘዘኝ ይኸው ሰው ነው።

"ሲወጡ መብራት ያጥፉ" የምትለዋን ምክር ለማሻሻል ሦስት ጊዜ ተሰበሰብን። በመጨረሻ ከጎኗ የእሱ ፎቶ ገባ። ማሻሻያው ይኸው ነው።

እኔ የምኮራው በማስያው ብቻ ነበር። ሰው ቆጣሪው ላይ ያነበበውን የወር ፍጆታ ያስገባል፤ እስከ ሦስት መቶ ኪሎዋት ሰዓት ከሆነ አረንጓዴ፣ ካለፈ ቀይ ይመጣለታል። ያችን ሦስት መቶ ያገኘኋት ውሻ እያባረረኝ፣ ከቤት ቤት ዞሬ ቆጣሪ አንብቤ ነው።

ከምርቃቱ ሁለት ቀን በፊት ሥራ አስኪያጁ የገዛ ቤቱን ሞከረ። ሁለት ሺህ አራት መቶ! ማንም የማይዋኝበት የመዋኛ ገንዳው ቀኑን ሙሉ ሲሞቅ ነው የሚውለው። ገጹ ቀላ።

"ይሄ ነገርሽ ተበላሽቷል" አለኝ።

"አልተበላሸም። የእርስዎ ቤት ብዙ ስለሚወስድ ነው።"

"እኔን ቀይ የሚል ማስያ ትክክል ሊሆን አይችልም" አለ ዓይኑን በጨው አጥቦ። "ሰው ፊት የማስገባው የራሴን ነው፤ አስተካክይው። ኮንትራትሽ የሚታደሰው በዚህ ሳምንት አይደል?"

አስተካከልኩት። ሦስት መቶውን አጥፍቼ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ጻፍኩ፤ የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው። በምርቃቱ ዕለት አረንጓዴው ሲመጣ እንግዳው ሁሉ ከአንገት በላይ አጨበጨበ። እኔም በሆዴ እየናቅኳቸው አጨበጨብኩ። ኮንትራቴም ታደሰ።

ከሁለት ወር በኋላ፣ እሁድ ከሰዓት፣ ታላቅ እህቴ ቤት ሄድኩ። እትዬ ሦስት ልጆች ለብቻዋ የምታሳድግ፣ የውሃ ማሞቂያ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የምትከፍት ሴት ነበረች። ያን ቀን ቤቱ በእንፋሎት ታፍኖ፣ ሰው የሌለበት ክፍል ሁሉ መብራቱ በርቶ አገኘሁት።

"የኔ ምሁር!" ብላ አቀፈችኝ። "ድረ ገጽሽ ላይ ገባሁ እኮ! መቶ ሃያ ብዬ ባስገባ አረንጓዴ። ለካ እነዚህን ልጆች በቀዝቃዛ ውሃ ሳንቀጠቅጣቸው የኖርኩት በከንቱ ነው! አሁን ማሞቂያውን ማጥፋት ትቻለሁ። ባለፈው ወር አምስት መቶ ደረስኩ፣ አሁንም አረንጓዴ! ሌላ ሰው ቢሠራው አላምንም ነበር።"

ሒሳቡ በየሦስት ወሩ ስለሚመጣ ገና አላየችውም። እውነቱ አፌ ላይ ደረሰ። ግን እሱን ከነገርኳት፣ ለአንድ ፊርማ ብዬ ያታለልኳት እኔ መሆኔንም ልነግራት ነው። ሥራ አስኪያጁን እንኳ ያን ቀን ራሴን የናቅኩትን ያህል ንቄው አላውቅም።

"ትንሿ ልጄን ክፍሏ ይበርዳታል፤ የክፍል ማሞቂያ ልጨምርላት አስቤ ነበር" አለች ስልኳን እያወጣች። "ቀይ እስኪለኝ ስንት ይቀረኛል?"

"ብዙ" አልኳት።