የሐጂ አወድ አልጋ መሬት የነካ ዕለት

አስከሬን ተሸክሞ የተነሳ አልጋ መልሶ መሬት ሲነካ ያየሁት በሐጂ አወድ ቀብር ብቻ ነው። በእኛ በዓባይ ዳር ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶም አያውቅ። ያልነበሩ ሰዎች እየጨመሩበት ሲያወሩት ስለሰማሁ ነው የምናገረው። እኔ ከሚስቱ ከሐጃ ቶማ ጋር ጉልበት ለጉልበት ገጥሜ ተቀምጬ ነበር፤ ከእኔ ከስትና የተሻለ አየሁ የሚል ካለ ይምጣና ፊት ለፊት ያውራኝ።

ሐጂ አወድ ከጀልባው መሻገሪያ እስከ አሸዋው ድረስ ያለው የቴምር ዛፍ ሁሉ ባለቤት ነበር። መስጊዱን ያሠራው እሱ ነው። መካ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ መቁጠር ትተናል። በረመዳን ደጁ ላይ ምንጣፍ ያስነጥፋል፤ መንገደኛው ሁሉ እዚያ ያፈጥራል። ቴምር በተቆረጠ ቁጥር ደግሞ የድሃውን ዘካ በጆንያ አስጭኖ፣ ራሱ ከአህያው ፊት እየሄደ በየቤቱ ያዞራል። “ዘንድሮ ምርቱ አልሰመረም፤ እኛም ይህንኑ ነው የምንበላው” ይላል። ድሃው እጁን ይስመዋል። እኔም ደጅ አንድ ጊዜ ቆሞ ነበር። “ጆንያህን ይዘህ እለፍ፣ የራሴ ዛፍ አለኝ” አልኩት። ስቆ አለፈ።

ሐሙስ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሞተ። አጥበው ከፈኑት፣ በጠፍር አልጋው ላይ አድርገው በወንዶቹ ግቢ ሰገዱበት። እኛ ሴቶች ከአጭሩ የጭቃ አጥር ወዲህ ነን። ለቅሶው ሰማይ ይነካል። ቶማ ግን ዝም ብላለች።

“ቶማ፣ አልቅሺ እንጂ። ሰው ምን ይላል?” አልኳት በጆሮዋ።

“ቆይ ስትና። ሥራ አለብኝ።”

“ድስቱን ሌላ ሰው ያየዋል፣ አንቺ ደግሞ።”

ዓይኗን ከአልጋው ላይ አልነቀለችም።

ወንዶቹ አልጋውን ትከሻቸው ላይ አወጡ። ከበሩ ሳይወጡ ልጁ ሚርገኒ እንደ ደንቡ ቆሞ ጮክ ብሎ ተናገረ፦ “አባቴ ላይ ሐቅ ያለው ሰው ካለ ከእኔ ይጠይቅ፤ ካልሆነም ለአላህ ብሎ ይቅር ይበለው።”

“ይቅር ብለናል!” አለ ወንዱ ሁሉ ባንድ አፍ።

“እኔ ይቅር አላልኩም።”

የማን ድምፅ ነው ብዬ ዞር ዞር አልኩ። ከጎኔ ነበር። ቶማ የተከናነበችውን ቶብ ራሷ ላይ እየሳበች ተነስታ አጥሩ ጋ ቆመች። ፊቷን ልትነጭ እጇን ያነሳች አንዲት ሴት እጇ እንደተሰቀለ ቀረ።

“ሐጃ ቶማ፣ ሐዘን ነው የሚያናግርሽ። ግቢ እናቴ” አለ የመስጊዱ ኢማም ሸኽ ባቢክር።

“ሐዘኑንማ ገና አልጀመርኩትም። አልጋውን አውርዱት።”

ተሸካሚዎቹ ተያዩ። ከመካከላቸው አንዱ የሚርገኒ አጎት ነው፤ ጉልበቱ ድሮም ደህና አይደለም። እሱ ጎንበስ ሲል ሌሎቹም ሳይወዱ አብረው ወረዱ። አልጋው መሬት ነካ። ዓይኔ እያየ ነካ። እኔ አፌን በቶቤ ያዝኩ።

“ቴምሩ ሲገባ የምለየው እኔ ነኝ” አለች ቶማ። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ግን ሁሉም ሰማ። “ምርጡን ለገበያ፣ ቀጥሎ ያለውን ለቤታችን። ትል የገባበትንና ደርቆ ለአህያ የሚሆነውን ‘ለዘካው አድርጊው’ ይለኝ ነበር። እኛም ይህንኑ ነው የምንበላው እያለ ያደላችሁን ማለት ነው። እኛ በልተነው አናውቅም። አንድ ቀን እንኳ አልበላነውም።”

ያ የመስጊዱ ባለቤት! ያ በየደጁ ከአህያው ፊት የሚሄደው!

ከኋላዬ በቱል ተቀምጣ ነበር፤ ባሏን ወንዙ የበላባት፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ። “እኔኮ ምርቱ መስሎኝ” አለች፣ ለራሷ እንደምታወራ። “ልጆቼ አንበላም ሲሉኝ ‘ሐጂም የሚበሉት ይህንኑ ነው’ እያልኩ ነው ያበላኋቸው።”

“ባሏን ሬሳው ላይ የምታዋርድ፣ ምን ዓይነት ሚስት ናት?” አለች የሟቹ እህት።

“አንቺ ዝም በይ” አልኳት። “ከጥሩው ጆንያ ስትዝቂ የኖርሽ።”

ሚርገኒ ፊቱ አመድ መስሎ ወደ አጥሩ መጣ። “እማ፣ አባቴን በሰው ፊት ራቁቱን አስቀረሽው።”

“ከፈን ለብሷል። ራቁቱን የሚቆመው እዚያ ነው። እዚያ ሳይደርስ ነው የምናገረው።”

“እሺ፣ ሐዘኑ ይውጣና እኔ እሰጣለሁ። በአላህ ይሁንብኝ።”

“ያን ጊዜ ብትሰጥ ያንተ ሰደቃ ነው፣ ላንተ ይጻፋል። አሁን ግን ገና የሱ ነው፤ እሱ ያላደረገውን ለሱ እናድርግለት። ጎተራውን ክፈት።”

“ተሽጧል እኮ! ቅዳሜ የጭነት መኪናው ይመጣል። ዓመቱን በምን ልንኖር ነው?”

“መኪናው ባዶውን ይመለሳላ። እኛም እነሱ የኖሩበትን እንኖራለን።”

ሚርገኒ ወደ ሸኹ ዞረ፣ አድነኝ እንደማለት። ሸኹ ጺሙን ያሻል። ቶማ አልለቀቀችውም። “ሸኽ ባቢክር፣ ‘ቢሰጧችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ካልሆነ የማትቀበሉትን መጥፎውን መርጣችሁ አትስጡ’ ብሏል አላህ እያሉ በየመኸሩ ከቁርኣን የሚያነቡልን እርስዎ አይደሉም? ወይስ እሱ ባሠራው መስጊድ ውስጥ ሲሆን እሱን አይመለከትም?”

ሸኹ ዓይኑን ወደ መስጊዱ ሚናራ አነሳ፣ መልሶ አልጋው ላይ ጣለው። ከዚያ ቤት ስንት ድግስ እንደበላ ሁላችንም እናውቃለን። “እውነቷን ነው” አለ በመጨረሻ። “የድሃው ሐቅ ከውርስ በፊት ይወጣል።”

ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። ዝንብ ከፈኑ ላይ ማረፍ ጀምሯል፤ አጎትየው በጥምጣሙ ጫፍ እሽ ይላል። ሰው ሁሉ ሚርገኒን ያየዋል። እሱ ደግሞ አባቱን ያያል። እንቢ የሚል መስሎኝ ነበር፤ በቀብር ቀን ሬሳ አስቀምጦ ጎተራ የሚከፍት ልጅ የት አለ? ቁልፉን ከአንገቱ አውጥቶ ሄደ።

የጥሩው ቴምር ሽታ አጥሩን ተሻግሮ መጣ። ወጣቶቹ ጆንያ ተሸክመው ይወጣሉ፤ ቶማ ቆማ “ይህ ለአደም ቤት፣ ይህ ለዓይነ ስውሩ፣ ይህ ለበቱል” ትላለች። አመስግኖ የተቀበለ የለም። እየመጡ፣ አልጋውን ሳያዩ እያለፉ፣ “ይቅር ብያለሁ” ይላሉ፣ ይሄዳሉ። አንዱ ሽማግሌ ብቻ ጆንያውን ደጋግሞ በእጁ እየዳሰሰ “ይህን ሲበሉ ነበራ” አለ።

በቱል ከጆንያዋ አንድ ቴምር አውጥታ በጥፍሯ ሰነጠቀችው። ትል ለመፈለግ ነው፤ ልማዷ ነው። ገልብጣ አየችው፣ ደግሞ ሌላ ሰነጠቀች። ንጹሕ ነው። አፏ ግን አላስገባችውም።

“በቱል፣ እህቴ” አለ ሚርገኒ፣ ላቡ በፊቱ እየወረደ። “አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽው። አባቴን ይቅር በይው።”

“የራሴን ይቅር ብያለሁ። የልጆቼንም” አለች በቱል። “የእናቴን ግን አልችልም። ስትታመም ከዚያ ጆንያ ሌላ ቤት ውስጥ ምንም አልነበረም። ዓይኗ ስለማያይ ትሉን እየለቀምኩ ነው ያጎረስኳት። ለሐጂ አወድ ዱዓ እያደረገች ሞተች። እሷ ያለችበት አይደል የሚሄደው? ራሱ ይጠይቃት።”

ሚርገኒ እንደገና ሊለምናት አፉን ሲከፍት ቶማ ከአጥሩ ላይ እጇን ሰዳ ክንዱን ያዘችው።

“ተዋት። የሷን ሰጥታሃለች። አባትህን ይዘህ ሂድ፤ እሱን እዚያ የምትጠብቅ ሴት አለች።”