የሳጃናው ጋን

ጸሐይወርቅ ጠጅ ቤቷን እንደገና ልትከፍት ከገዳሪፍ ወደ ካርቱም ስትመለስ፣ ከሁሉ አስቀድማ የሄደችው ወደ መቃብሩ ነው። ሳጃና ሰፈር ያለው ቤቷ ጣሪያው ተነቅሏል፤ አግዳሚዎቹ ለማገዶ ሄደዋል፤ ብርሌዎቹንም አንድ ሳያስቀሩ ወስደዋቸዋል። ሌባው ጠጁን ከየት አምጥቶ ሊጠጣባቸው እንደሆነ እግዜር ይወቅ። አጥሩ በከባድ መሣሪያ ተመትቶ እስከ ወገብ ስለፈረሰ ግቢው ለአላፊ አግዳሚው ተገልጧል። ጥጉ ላይ፣ ኒም ዛፉ ስር ያለው የአፈር ጉብታ ግን ከነእንጨት መስቀሉ እንዳለ ነበር። ተንበርክካ አፈሩን ሳመችው። ላያት ሰው ሟቿን ያገኘች ሐዘንተኛ ትመስላለች።

እሷ የሳመችው ግን ጋኗን ነው። ጦርነቱ በገባ ሰሞን መሣሪያ ያነገቱ ሰዎች ወርቅና መጠጥ ፍለጋ ቤት ለቤት ሲገቡ፣ እሷና ታናሽ ወንድሟ በየነ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ጋኑን አወረዱት፤ የደረሰውን ጠጅ እስከ አንገቱ ሞሉበት፤ አፉን በጨርቅና በጭቃ ደፍነው አፈር መለሱበት። ጉብታ ሠርቶ መስቀል የተከለበት በየነ ነው። «ዘራፊ ሁሉን ይደፍራል፤ መቃብር ግን አይቆፍርም» አለ። ልክ ነበር። ከዚያ አብረው ከከተማው ወጥተው መደኒ ላይ ተለያዩ። እሱ ፖርት ሱዳን ሥራ አለ፣ ወደዚያ እሄዳለሁ ብሎ ቀረ፤ እሷ ወደ ገዳሪፍ ሄደች። ስልኩ ከጠፋ ሁለት ዓመት አልፏል። በዚህ አገር ስልኩ የጠፋ ሰው አንድና ሁለት አይደለምና፣ አንድ ቀን ይደውላል እያለች ኖረች።

ጠጅ ቤት መክፈት ሲያወሩት ይቀላል። ማሩ በጭነት መኪና ከስንት ኬላ ተከራክሮ ይመጣል፤ ጌሾው በሴቶች ሻንጣ ውስጥ እንደ መድኃኒት ተደብቆ ይገባል። እሱንስ አገኘች። ያቃታት ዕቃው ነው። በፕላስቲክ በርሜል ጣለች፤ ኮመጠጠ። እንደገና ጣለች፤ ጭራሽ ሸተተ። ከድሮ ደንበኞቿ ቀድሞ የተመለሰው፣ አል-ማንሺያ ሰፈር አንድ ቪላ የሚጠብቀው ቢልልኝ፣ አንድ ጉንጭ ቀምሶ ፊቱን አጨማደደ።

«እትዬ ጸሐይ፣ ይሄ እንኳ ለመኪና ባትሪ ነው እንጂ ለሰው አይደለም።»

ሃያ ዓመት ጠጅ የኖረበት ጋን እግሯ ስር ተቀብሮ እሷ በፕላስቲክ ትማስናለች። ያ ጋን ከወጣ ቤቱ ይከፈታል። ካልወጣ ግን ሳጃና ላይ ጠጅ የሚባል ነገር አበቃ፤ እሷም በዚህ ዕድሜዋ የሰው ቤት ወለል ልታጥብ ነው። ልቆፍር ብትል ደግሞ ከፈረሰው አጥር ማዶ ወታደሮች ሻይ የሚጠጡበት ዳስ አለ። በካርቱም ከግቢሽ የጠጅ ጋን ወጣ ማለት እስር ነው፤ ኢቃማ ለሌላት፣ የመኖሪያ ወረቀቷ ለተቃጠለባት ለሷ ደግሞ፣ ከእስሩ በኋላ ድንበር ነው። ስለዚህ ቢልልኝ ቆርቆሮ አምጥቶ አጥሩን ሊጋርድላት ቃል ገባ። «አይዞሽ፣ ጋን በጠጠር ይደገፋል» ይላታል፤ ጠጠር መሆኑን በኩራት ነው የሚናገረው።

ቆርቆሮው ሳይደርስ ላጅናዎቹ፣ የሬሳ አንሺ ኮሚቴዎቹ፣ ደረሱ። በጦርነቱ ጊዜ ወደ መቃብር ቦታ መውጣት ስለማይቻል ሰው በየግቢውና በየመንገዱ ዳር ነው የተቀበረው፤ አሁን እነዚህ ኮሚቴዎች ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ ሬሳውን እያወጡ ወደ መቅበራው፣ ወደ ዋናው መቃብር ቦታ፣ ያዛውራሉ። አለቃቸው ጂብሪል የሚባል፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሽበታም ሱዳናዊ ነው። መስቀሉን አየና ቆመ።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ይሄ ማነው?»

ማንም አይደለም ብትል፣ ታዲያ መስቀሉ ምንድን ነው ሊላት ነው። አላውቀውም ብትል፣ ስም የሌለው ሬሳ ፖሊስ ይጠራል። ዘመድ ያለው ሬሳ ከሆነ ግን ዘመዱ አይነካብኝ ሊል ይችላል።

«አኹይ ነው» አለች። «ወንድሜ። በየነ ይባላል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። በሕይወት ያለ ወንድሟን በቁሙ ቀበረችው። ወዲያው ልቧ ስንጥቅ አለ፤ ያንን ሟርተኛ ምላሷን ነክሳ ልትጥለው ፈለገች።

«አላህ የርሐሙ፣ ነፍሱን ይማር» አለ ጂብሪል። «ዘመዱ መገኘትሽ ጥሩ ነው፤ አብረሽን ትሸኚዋለሽ። በግቢ የሚቀር ሬሳ ግን የለም። ሐሙስ እንመጣለን ኢንሻአላህ።»

ጎረቤቷ ሐምዲያ ከአጥሩ ፍርስራሽ አጠገብ ቆማ ትሰማ ነበር። ሐምዲያ የወሎ ሴት ናት፤ ጠጅ በአፏ የማይዞር ሙስሊም፣ አል-ማንሺያ የሰው ቤት ስትሠራ የኖረች፣ ጦርነቱን ሙሉ ከሳጃና ንቅንቅ ያላለች። ጸሐይወርቅ ከተመለሰች ወዲህ ነገረ ሥራዋ ግራ የሚያጋባ ሆኗል። ወጥ ይዛ ትመጣለች፤ አንድ ነገር ልትናገር ትልና እንባዋ ሲቀድማት ተነስታ ትወጣለች። ጸሐይወርቅም፣ ጠጅ ቤቱ እንዳይከፈት ብትፈልግ ነው ብላ ጠርጥራታለች። አሁን ግን የበየነን ስም ስትሰማ ሐምዲያ በረጅሙ ተነፈሰች። «አልሐምዱሊላህ» ብላ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ጸሐይወርቅ የውሸቷ አጋር የሆነችላት መሰላትና በልቧ አመሰገነቻት።

ቢልልኝ ሲሰማ ዘዴ አላጣም። ረቡዕ በጠዋት ቆርቆሮውን ያመጣል፤ ጋርደው ይቆፍራሉ፤ ጋኑን አውጥተው፣ ሬሳውን ቀድመን ቤተ ክርስቲያን ወሰድነው ይላሉ። ጥሩ ዘዴ ነበር። ነገር ግን ላጅናዎቹ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር የነበራቸው ሥራ መንገዱ ተዘግቶ ተሰናከለባቸውና፣ ረቡዕ በጠዋት አካፋና ዶማቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። ቢልልኝ ቆርቆሮውን ተሸክሞ ሲደርስ እነሱ ነጭ ቱታቸውን እየለበሱ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ።

«በኛ ሃይማኖት ቄስ ሳይኖር ሬሳ አይነካም» አለች ጸሐይወርቅ፣ መስቀሉ ፊት ቆማ።

«ቄስ ካገኘሽ መቅበራው ድረስ አምጪው፤ ሳይመጣ አናወርደውም» አላት ጂብሪል በትሕትና። እንዲህ በትሕትና እምቢ ከሚል ሰው ጋር መጣላት አይቻልም። «ያላ» አለ ለልጆቹ፤ መስቀሉን ራሱ ነቅሎ በክብር ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

አካፋው አፈሩ ውስጥ ገባ። ጸሐይወርቅ ኒሙን ተደግፋ ቆመች። ጋኑ ያለበትን ጥልቀት ታውቀዋለች፤ የበየነ ደረት ድረስ ነው። አካፋው ሸክላውን ሲመታ የሚያሰማው ድምፅ አስቀድሞ ጆሮዋ ውስጥ ይጮኻል። ከዳሱ ሁለት ወታደሮች ብርጭቋቸውን እንደያዙ መጥተው ፍርስራሹ ላይ ተቀመጡ። ገዳሪፍን አሰበች፤ የእስረኛ መኪናውን አሰበች፤ መተማ ላይ ባዶ እጇን ስትወርድ አሰበች። መድኃኔዓለም፣ አለች በልቧ፣ የፈለግከው ይውጣ፣ ሬሳም ቢሆን ይውጣ፤ ጋኑ ብቻ አይውጣ። ሰው ሲጨንቀው የማይጸልየው የለም።

ጉድጓዱ ጉልበት ሳያልፍ ቆፋሪው ቀጥ አለ። «ላ ኢላሀ ኢለላህ» ብሎ አካፋውን ጣለ፤ ተንበርክኮ በእጁ ይጠርግ ጀመር። ብርድ ልብስ ነው። ጸሐይወርቅ ደነገጠች፤ እሷና በየነ ጋኑን በብርድ ልብስ አልጠቀለሉትም። ጨርቁ ሲገለጥ አጥንት ታየ።

እዚህ ላይ የሆነውን ሳይሸፋፍኑ መናገር ይሻላል። ጸሐይወርቅ ደስ አላት። ማን ነው፣ እንዴት ገባ ብላ አልጠየቀችም፤ ደስታ ብቻ ነው የተሰማት። ሰዎቹ የፈለጉትን አገኙ፤ ከዚህ በታች አይወርዱም፤ ጋኑ ተረፈ፤ ቤቱ ይከፈታል። ተመስገን አለች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ። ቢልልኝም ከቆርቆሮው ጀርባ አንገቱን አውጥቶ ጠቀሳት።

ከዚያ ቆፋሪው ጫማዎቹን አነሳ። የቀኙ እንደማንኛውም ጫማ ነው። የግራው ግን ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ሶል ሦስት እጥፍ ተደራርቦ ተሰፍቶበታል። የበየነ ግራ እግር ከልጅነቱ ጀምሮ አጭር ነበር፤ ያንን ሶል የሚሰፋለት የሳጃና ጫማ ሰፊ ነው፣ ገንዘቡንም የምትከፍለው ጸሐይወርቅ ናት። ቢልልኝ ቆርቆሮው ከእጁ አምልጦት መሬት ላይ ጮኸ።

«ማነው እዚህ ያስገባው?» አለች ጸሐይወርቅ። ድምፅዋ የሷ አልመሰላትም። «ማነው ያስገባው?»

ሐምዲያ እየሮጠች መጥታ ያዘቻት። «ጸሐይዬ፣ ምን ሆነሻል? ታውቂ የለም እንዴ? ራስሽ አይደለሽ ስሙን የነገርሻቸው?»

«ምኑን ነው የማውቀው?»

ሐምዲያ ፊቷ አመድ መሰለ። «ወላሂ እኔ... መርዶ ብቻዬን እንዴት ልንገራት ብዬ፣ ሰው እስካሰባስብ፣ በማለዳ መጥተን እስክንነግርሽ ስጨነቅ ነበር። ስሙን ስትጠሪ ስሰማ፣ ሰው ነግሯት ኖሯል፣ እንኳን ከኔ አፍ አልሰማች አልኩ።» አማርኛው አልበቃ አላትና አረብኛውን እየቀላቀለች ቀጠለች። «ከመደኒ ተመልሶ መጣ። ፖርት ሱዳን አልሄደም። ለምን መጣህ ስለው፣ ቤቱን ልጠብቅላት፣ ያለዚህ ቤት እህቴ ምን አላት አለኝ። ሳምንት ሳይሞላው በሩ ላይ ተመታ። ጥይት እየዘነበ የት እንውሰደው? እኔና ሁለት ሽማግሌዎች ነን የቀበርነው። መስቀሉን አይተን እዚያ ጋ የናንተ ሰው ያለ መስሎን፣ ከወገኑ ጋር ይረፍ ብለን። አፈሩም ለስላሳ ነበር።»

«ስሙን ጠርቼ ገደልኩት።»

«አንቺ ምን አደረግሽ? ሁለት ዓመት አለፈው እኮ!»

ጸሐይወርቅን ያቃጠላት ግን ስሙን መጥራቷ አልነበረም። ደስ ማለቷ ነው። የወንድሟ አጥንት ሲወጣ ቆማ ተመስገን ማለቷ ነው። ይህን ለሐምዲያ እንዴት ትነግራታለች? ለማንስ ይነገራል? መሬት ላይ ቁጭ አለችና ደረቷን እየመታች «ወንድሜ! ወንድሜ!» ብላ ጮኸች፤ ሐምዲያም አብራት ጮኸች። ወታደሮቹ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ተነሱ።

ላጅናዎቹ በየነን ሰብስበው ጫማዎቹን ጨምረው አሰሩት፤ ወደ መኪናቸው ወሰዱት። ጂብሪል ወደ እሷ ተመልሶ ቁጢጥ አለ። የሐምዲያን አረብኛ ሰምቷል።

«ያ ኡኽቲ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ከስሩ ሌላ ሰው አለ እንዴ?»

ቢልልኝ ከኋላዋ ጎንበስ ብሎ በአማርኛ አንሾካሾከ። «የለም በይው። ጉድጓዱን እኛ እንደፍናለን በይና ይሂዱልን። የቀረው ጥቂት ነው፤ ዛሬውኑ እናወጣዋለን። እትዬ፣ እሱም የመጣው ለዚሁ ነው። የሞተለትን አትተይው።»

ቢልልኝ ክፉ አልተናገረም። በየነ አፉ ቢከፈት እሱም ይህንኑ ይላት ነበር፤ ይህን ማወቋ ነው የባሰባት። ጉድጓዱን አየችው። ከዚያ እርጥብ አፈር ስር ቤቷ አለ፤ ደንበኞቿ አሉ፤ የሚቀጥለው ዓመት እንጀራዋ አለ።

«ሌላ ሰው የለም» አለችው ጂብሪልን።

«እናንተ ትደፍኑታላችሁ ወይስ ልጆቹ ይድፈኑት?»

«ልጆቹ ይድፈኑት» አለች በአረብኛ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «አጥብቀው ይርገጡት።»

ቢልልኝ «እትዬ!» አለ። ዘወር ብላ አላየችውም። ሐምዲያ ደግፋት መኪናው ላይ አወጣቻት፤ ከበየነ አጠገብ ተቀምጣ እጇን ላዩ ላይ አደረገች። ግቢው ውስጥ ሁለቱ ወጣቶች አፈሩን መለሱ፤ ከዚያም ተያይዘው በቦት ጫማቸው ይረግጡት ጀመር።